ቻይናውያንና እምነት፦ የካይፈንግ ከተማ ለሙስሊም ተማሪ ምን ያስተምራል?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን።

ቻይናውያን ለእኛ ሩቅ ሕዝብ መሆናቸው ከቀረ ቆይቷል። በመንገድ ሥራው፣ በባቡሩ፣ በፋብሪካው እናገኛቸዋለን። ከመካከላችንም የትምህርት ዕድል አግኝተው ወደ ቻይና ዩኒቨርሲቲዎች የሚሄዱ ወንድሞችና እህቶች ጥቂት አይደሉም። ሆኖም የእነዚህ ሰዎች እምነት ምንድን ነው ተብለን ስንጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ ከአፋችን የሚወጣው መልስ «ቻይና ሃይማኖት የለውም» ወይም «ሁሉም ቡድሃን ያመልካሉ» የሚል ነው። ሁለቱም መልሶች ትክክል አይደሉም። ከዚህም በላይ በዚያች አገር ለ1300 ዓመታት ያህል ሲሰግዱ የኖሩ፣ ዛሬም በሚሊዮን የሚቆጠሩ የእምነት ወንድሞቻችንን ከቁጥር ያወጣሉ።

በሱረቱል ሑጁራት አንቀጽ 13 አላህ (ሱ.ወ.) ሰዎችን በጎሳና በነገድ የከፋፈለው እርስ በርስ እንዲተዋወቁ መሆኑን፣ ከእነርሱም በእርሱ ዘንድ የሚከበረው ይበልጥ ፈሪሃ አላህ ያለው መሆኑን አስተምሮናል። መተዋወቅ ደግሞ ያለ እውቀት አይሆንም። የዛሬው ትምህርታችን ዓላማ ሦስት ነው፦ ቻይናውያን ስለ እምነት ሲናገሩ ምን ማለታቸው እንደሆነ መረዳት፤ ኢስላምና ሌሎች አናሳ እምነቶች በዚያች አገር እንዴት እንደኖሩ ማወቅ፤ በመጨረሻም አንድ አናሳ ማኅበረሰብ እምነቱን የሚያቆየው ወይም የሚያጣው በምን እንደሆነ መመርመር። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. «ሃይማኖት የለኝም» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

ለአንድ ቻይናዊ «ሃይማኖትህ ምንድን ነው?» ብትሉት «የለኝም» ብሎ የመመለሱ ዕድል ሰፊ ነው። ይህን ሰምተን በፈጣሪ መኖር ጨርሶ አያምንም ብለን ከመደምደማችን በፊት ቃሉን እንመልከት። ዛሬ በቻይንኛ ሃይማኖት ለማለት የሚያገለግለው «ዞንግጂያኦ» የሚለው ቃል በዚህ ትርጉሙ ከጃፓን ተወስዶ የተስፋፋው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። በብዙዎች ጆሮ ቃሉ የሚያመለክተው የታወቀ ድርጅትን፣ አባልነትንና መዝገብን ነው። ስለዚህ «የለኝም» ያለው ያው ሰው በመጋቢት መጨረሻ ገደማ በሚውለው የቺንግሚንግ ቀን የአያቶቹን መቃብር ይጠርጋል፤ ዕጣን ያጨሳል፤ ልጁ ፈተና ሲደርስበት ወደ ቤተ አምልኮ ጎራ ይላል። እርሱ ይህንን ባህል ይለዋል እንጂ ሃይማኖት ብሎ አይጠራውም።

በጥንቱ የቻይና ልማድ ሦስት ትምህርቶች ጎን ለጎን ኖረዋል። የመጀመሪያው ኮንፊውሽየስ (ከክርስቶስ ልደት በፊት 551–479) ያስተማረው የሥነ ምግባር፣ ለወላጅ የመታዘዝና የመልካም አስተዳደር ትምህርት ነው። ሁለተኛው ዳኦይዝም ነው። ሦስተኛው ከሕንድ በመካከለኛው እስያ በኩል በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን የገባው ቡድሂዝም ነው። ተራው ሰው ከሦስቱ አንዱን መርጦ ሌሎቹን መተው ግዴታው አልነበረም። ለሠርጉ አንዱን፣ ለቀብሩ ሌላውን ይጠራል። በተውሒድ ሚዛን ይህ ዓይነቱ መቀላቀል ምን እንደሆነ ግልጽ ነው። ነገር ግን የምናነጋግረውን ሰው አስተሳሰብ ሳናውቅ ስለ አንድ አምላክ ብንነግረው «እርሱንም እጨምራለሁ» ብሎ ሊረዳን ይችላል። ሙስሊሞች፣ ክርስቲያኖችና አይሁዶች በቻይና ምድር ልዩ ሆነው የታዩትም በዚህ ምክንያት ነው፤ «አንዱን ብቻ» ብለው ነው የመጡት።

ዛሬ የቻይና መንግሥት በይፋ የሚያውቃቸው እምነቶች አምስት ናቸው፦ ቡድሂዝም፣ ዳኦይዝም፣ ኢስላም፣ ካቶሊክና ፕሮቴስታንት። እያንዳንዳቸው በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ባለ ማኅበር ይተዳደራሉ። የቻይና ኢስላማዊ ማኅበር የተመሠረተው በ1953 ነው። የ1982ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 የእምነት ነጻነትን ያውጃል፤ ጥበቃ የሚሰጠው ግን «መደበኛ» ለሚባለው ሃይማኖታዊ እንቅስቃሴ ነው፤ መደበኛ የሚባለው የትኛው እንደሆነ የሚወስነውም መንግሥት ነው። የገዢው ኮሚኒስት ፓርቲ አባላት ሃይማኖት እንዲኖራቸው አይፈቀድም።

2. ኢስላም ወደ ቻይና እንዴት ገባ?

በቻይና ሙስሊሞች ዘንድ በስፋት የሚነገር ትረካ አለ። ሶሓባው ሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረ.ዐ.) ኢስላምን ወደ ቻይና ይዘው ገቡ፤ በጓንግዡ ከተማም ተቀበሩ ይላል። ከሐበሻ ምድር በመርከብ ተነሥተው ሄዱ የሚል ቅጂም ስላለው እኛ ዘንድም ደስ ብሎን የምንቀባበለው ወሬ ሆኗል። ነገር ግን የሶሓቦችን ታሪክ የመዘገቡ ዑለማዎች ሰዕድ በመዲና አቅራቢያ ሞተው በበቂዕ መቀበራቸውን ነው የሚነግሩን። ወደ ቻይና መሄዳቸውን የሚያረጋግጥ የጥንት ሰነድ የለም። እንዲሁም እውቀትን ፍለጋ እስከ ቻይና ድረስ መጓዝን የሚያዝዘውና ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሚጠጋው ታዋቂ ንግግር በሐዲስ ሊቃውንት ዘንድ ደካማ፣ አንዳንዶቹም ጨርሶ የተፈበረከ ያሉት ነው። ኢብኑል ጀውዚይ ከተፈበረኩት ሐዲሶች ስብስባቸው ውስጥ አስገብተውታል። እውቀት የመፈለግ ግዴታ በሌሎች ማስረጃዎች የጸና ስለሆነ በዚህ ንግግር ላይ መደገፍ አያስፈልገንም።

የተረጋገጠውስ? የታንግ ሥርወ መንግሥት ዜና መዋዕል በ651 ከዐረቦች ዘንድ የተላከ መልእክተኛ በንጉሡ ፊት መቅረቡን ይመዘግባል። ይህ በኸሊፋ ዑስማን (ረ.ዐ.) ዘመን ነው። ከዚያ በኋላ ነጋዴዎች በሁለት መንገድ ገቡ፦ በየብስ በሐር መንገድ ወደ ዛሬዋ ሺአን፣ በባሕር ደግሞ ወደ ጓንግዡና ቹዋንዡ። ዐረቦች ቹዋንዡን «ዘይቱን» ይሏት ነበር፤ ኢብኑ በጡጣም በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጉዞው መድረሱን ጽፏል።

በሞንጎሎች የዩዋን ዘመን የሙስሊሞች ቁጥርና ተሰሚነት ጨመረ። የቡኻራው ሰይድ አጀል ሸምሱዲን ዑመር ከ1274 እስከ 1279 የዩናን ግዛት ገዢ ነበሩ። እኚህ ሰው መስኖና ትምህርትን በማስፋፋት ይታወሳሉ። መስጂዶች አሠርተዋል፤ ለሚያስተዳድሩት ሕዝብም የኮንፊውሽየስ ትምህርት ቤቶችን ከፍተዋል። ዛሬም በዩናን ብዙ ሙስሊም ቤተሰቦች የዘር ሐረጋቸውን ወደ እርሳቸው ይመዝዛሉ። ከ1405 እስከ 1433 የቻይናን መርከቦች ሰባት ጊዜ መርቶ እስከ ምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ያደረሰው አድሚራል ዠንግ ሄም የተወለደው በዩናን ከሙስሊም ቤተሰብ ነው። የቤተሰቡ ስም «ማ» ነበር፤ ይህ ስም «ሙሐመድ» የሚለውን ለማሳጠር የተወሰደ ሆኖ ዛሬም በቻይና ሙስሊሞች ዘንድ እጅግ የተለመደ ነው። አባቱም ሐጅ ያደረገ ሰው በመሆኑ «ሐጂ» ተብሎ ይጠራ ነበር።

ዛሬ ቻይና በይፋ ከምታውቃቸው 56 ብሔረሰቦች አሥሩ በልማድ ሙስሊም ናቸው። በቁጥር ትልልቆቹ ሁዪና ኡይጉር ሲሆኑ በ2020ው የሕዝብ ቆጠራ እያንዳንዳቸው ከ11 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። ሌሎቹ ካዛክ፣ ዶንግሺያንግ፣ ኪርጊዝ፣ ሳላር፣ ታጂክ፣ ኡዝቤክ፣ ባኦአንና ታታር ናቸው። ሁዪዎች ቻይንኛ ይናገራሉ፤ በመልክም ከብዙኃኑ የሃን ቻይናውያን ብዙም አይለዩም፤ በሁሉም የአገሪቱ ክፍሎች ተበትነው ይኖራሉ። ኡይጉሮች በአብዛኛው በሺንጂያንግ ሲኖሩ ቋንቋቸው ከቱርክኛ ጋር ይዛመዳል፤ የሚጽፉትም በዐረብኛ ፊደል ነው። አብዛኞቹ የቻይና ሙስሊሞች በፊቅህ የሐነፊይ መዝሀብ ተከታዮች ናቸው።

3. የጠፉትና የተረፉት፦ ካይፈንግ

አሁን ወደ ትምህርታችን እምብርት እንግባ። ቻይና የገቡት አናሳ እምነቶች ሁሉ አልዘለቁም።

የሶርያ ክርስቲያኖች በ635 ወደ ታንግ ዋና ከተማ ገብተው ነበር። በ781 ታሪካቸውን በቻይንኛና በሱርስት በድንጋይ ላይ ቀረጹ። በ845 ንጉሡ በቡድሂዝም ላይ ታላቅ ዘመቻ ሲያውጅ እነርሱንም ነካቸውና ማኅበራቸው ተዳከመ። ድንጋዩ ተቀብሮ ቆይቶ የተገኘው በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። የማኒ ተከታዮችም መጥተው ነበር። በቹዋንዡ አቅራቢያ በሚገኘው የጻኦአን ቤተ አምልኮ የማኒ ምስል እስከ ዛሬ ተቀርጾ ይታያል፤ የአካባቢው ሰው ግን ለረጅም ጊዜ ያመለከው ቡድሃ ነው ብሎ ነው። ምስሉ ቀረ፤ የሚያብራራው ሰው ግን አልቀረም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን የካይፈንግ ታሪክ ነው። ካይፈንግ ከ960 እስከ 1127 የሰሜን ሶንግ ሥርወ መንግሥት ዋና ከተማ ነበረች። በዚያች ከተማ ሙስሊሞችም አይሁዶችም ይኖሩ ነበር። አይሁዶቹ ምኩራባቸውን በ1163 እንደሠሩ ራሳቸው በ1489 ባቆሙት የድንጋይ ጽሑፍ ገልጸዋል። ሕዝቡ ሁለቱን ማኅበረሰቦች ለመለየት ይቸገር ነበር። ሁለቱም አንድ አምላክ ያመልካሉ፤ ሁለቱም የአሳማ ሥጋ አይበሉም፤ ሁለቱም ለጣዖት አይሰግዱም። ስለዚህ ሙስሊሞቹን ነጭ ቆብ፣ አይሁዶቹን ሰማያዊ ቆብ ያደረጉ «ሁዪሁዪ» ብሎ ጠራቸው። አይሁዶቹን ከሥጋ ላይ ጅማት ስለሚያወጡም «ጅማት የሚነቅሉ» ይላቸው ነበር።

በ1605 አይ ቲያን የተባለ የካይፈንግ አይሁዳዊ ለመንግሥት ሹመት ጉዳይ ቤጂንግ ገባ። አንድ አምላክ የሚያመልኩና ሙስሊም ያልሆኑ የውጭ ሰዎች በከተማው መኖራቸውን ሰምቶ የገዛ ወገኖቹ መሰሉትና ሊጎበኛቸው ሄደ። ያገኘው ጣሊያናዊውን ካህን ማቴዎ ሪቺን ነበር። በግድግዳው ላይ የማርያምን፣ የሕፃኑን ኢየሱስንና የዮሐንስን ሥዕል ሲያይ የርብቃና የሁለት ልጆቿ ሥዕል ነው ብሎ አሰበ። ከወገኖቹ ተለይቶ የኖረ ማኅበረሰብ ምን ያህል ብቸኛ እንደነበረ ይህ ጉብኝት ይነግረናል። በዓለም ላይ ያሉትን ሌሎች አይሁዶች የሚያገናኛቸው መንገድ አልነበራቸውም።

በ1642 በጦርነት መካከል የቢጫው ወንዝ ግድብ ተጥሶ ከተማዋ በጎርፍ ተጥለቀለቀች፤ ብዙ ሕዝብ አለቀ፤ ምኩራቡም ፈረሰ። በ1663 እንደገና ሠሩት። ስለዚህ ያጠፋቸው ጎርፉ ብቻ አልነበረም። የነገሥታት ዘመቻም አልነበረም፤ የቻይና ነገሥታት በካይፈንግ አይሁዶች ላይ የተለየ ስደት አላወጁባቸውም። ልጆቻቸው ተምረው ባለሥልጣን ሆኑ፤ ሹመት ወዳገኙበት ከተማ ሄዱ፤ ከሌላው ጋር ተጋቡ። ቅዱስ መጽሐፋቸው በዕብራይስጥ ነበር፤ በየትውልዱ የሚያነቡት ቁጥራቸው እያነሰ ሄደ። በ1850ና በ1851 ሚስዮናውያን የላኳቸው መልእክተኞች ካይፈንግ ሲደርሱ ምኩራቡን ሊወድቅ ደርሶ አገኙት። ዕብራይስጥ ማንበብ የሚችል አንድም ሰው አልነበረም። የቀረው ማኅበረሰብ የማያነባቸውን ጥቅሎች ለእንግዶቹ ሸጠ።

ልብ በሉ! መጽሐፉ በእጃቸው ነበረ። የጠፋው አንባቢው ነው።

ይህን ስንሰማ ለራሳችን ወገን የተለየ ዋስትና አለ ብለን እንዳንዘናጋ ሌላም ምሳሌ እንጨምር። በቹዋንዡ አቅራቢያ በቼንዳይ የሚኖሩት የዲንግ ቤተሰቦች ከጥንት ሙስሊም ነጋዴዎች የሚወለዱ ናቸው። መንግሥትም ሁዪ ብሎ መዝግቧቸዋል። አብዛኞቹ ግን ዛሬ አይሰግዱም፤ የአሳማ ሥጋም ይበላሉ። ከኢስላም ከቀሩላቸው ምልክቶች አንዱ ለሞቱ አያቶቻቸው በሚያቀርቡት መሥዋዕት ላይ የአሳማ ሥጋ አለመቀላቀላቸው ነው፤ «አያቶቻችን አይወዱትም ነበር» በሚል። የሐራሙ ትዝታ ለሙታን ተጠብቆ፣ ሕጉ ከሕያዋን ዘንድ ጠፋ። አላህ ይጠብቀን!

4. ሁዪዎች በምን ተረፉ?

የካይፈንግ ሙስሊሞችና ሌሎቹ ሁዪዎች ከአይሁዶቹ ይልቅ በቁጥር ብዙ ነበሩ፤ በሁሉም ግዛት ወገን ነበራቸው፤ ከመካከለኛው እስያና ከመካ ጋርም የመገናኘት ዕድል ነበራቸው። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ከላይ እንዳየነው ቁጥርም ሆነ ዘር ብቻውን የዲንግ ቤተሰቦችን አላዳነም። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሚንግ ነገሥታት ዘመን የውጭ ግንኙነት ተዳክሞ ዐረብኛና ፋርስኛ የሚያውቁ ሰዎች በተመናመኑ ጊዜ ሁዪዎችም ያው አደጋ ደርሶባቸው ነበር።

በዚያን ጊዜ በሻንሺ ግዛት ሁ ደንግዡ (1522–1597) የተባሉ ዓሊም ተነሡ። በመስጂድ ውስጥ ተማሪዎችን ሰብስበው ዐረብኛና ፋርስኛ ኪታቦችን በቻይንኛ እያብራሩ ማስተማር ጀመሩ። የመንደሩ ሰው ተማሪዎቹን ያበላል፤ ሲጨርሱም በሥነ ሥርዓት ካባ ይለበሱና ወደ ሌላ መንደር ሄደው ያስተምራሉ። የወሎን፣ የሐረርንና የሌሎች አካባቢዎቻችንን የቂርአት ሥርዓት ለምታውቁ ይህ እንግዳ አይሆንባችሁም፤ ደረሳው፣ ሸይኹና የሚያበላው ሕዝብ በሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቀት ላይ ያንኑ ሥራ ይሠሩ ነበር። ሌላም መመሳሰል አለ። ዑለማዎቻችን አማርኛን በዐረብኛ ፊደል ጽፈው ዐጀሚ እንዳቆዩልን ሁሉ ሁዪዎችም ቻይንኛን በዐረብኛ ፊደል ይጽፉ ነበር፤ «ሺያኦአርጂንግ» ይሉታል።

ከዚህ ትምህርት ቤት በኋላ በቻይንኛ የሚጽፉ ዑለማዎች መጡ። ጽሑፎቻቸው በጥቅሉ «ሐን ኪታብ» ይባላሉ፤ «ሐን» ቻይንኛ፣ «ኪታብ» ዐረብኛ ነው። ዋንግ ዳይዩ በ1642 ዋና መጽሐፋቸውን አሳተሙ። ሊዩ ዢ ደግሞ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የኢስላምን ዐቂዳና ሥርዓት የኮንፊውሽየስን መጻሕፍት ያጠና ሰው በሚገባው ቋንቋ አብራሩ። ለእነርሱ ትልቁ ጥያቄ አላህን በቻይንኛ ምን ብለን እንጥራው? የሚል ነበር። «ሰማይ» የሚለው የቻይና ቃል ፍጡርን ከፈጣሪ ሊያቀላቅል ይችላል። ስለዚህ «ዠንዡ» ማለትም «እውነተኛው ጌታ» የሚለውን ቃል ያዙ። ቋንቋውን ከሕዝባቸው ወሰዱ፤ ተውሒዱን ግን ለቋንቋው አላጎነበሱትም።

ይህንኑ በመስጂዶቻቸው እናያለን። የሺአን ታላቁ መስጂድ ከሩቅ ሲታይ የቻይና ቤተ መቅደስ ይመስላል፤ ጣሪያው፣ አደባባዩ፣ የእንጨት ሥራው ሁሉ የአገሩ ነው። ሆኖም የቻይና ቤተ መቅደሶች ፊታቸውን ወደ ደቡብ ሲያዞሩ መስጂዱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ተዘርግቷል፤ ቂብላው በምዕራብ ነውና። የሚናራው ስም «ልብ መመርመሪያ ሰገነት» የሚል ትርጉም አለው። በመስገጃው አዳራሽ ግድግዳ ላይ ቁርኣን በእንጨት ተቀርጿል።

እህቶቻችንም በዚህ ታሪክ ውስጥ ድርሻ አላቸው። በማዕከላዊ ቻይና በተለይም በሄናን ግዛት ለሴቶች ብቻ የሆኑ መስጂዶች አሉ። የተጀመሩት ሴቶች ልጆች ቁርኣን የሚማሩባቸው ቦታዎች ሆነው ሲሆን የሚመሯቸውም «ኑ አሆንግ» የሚባሉ ሴት አስተማሪዎች ናቸው። ከጥንታውያኑ አንዱ፣ ከ1820 ገደማ ጀምሮ ያለው፣ የሚገኘው እዚያው ካይፈንግ ውስጥ ነው። ምኩራቡ ሊፈርስ በተቃረበባት ከተማ እናቶች ለሴት ልጆቻቸው የሚማሩበት መስጂድ ይከፍቱ ነበር።

በቅርቡ ዘመን ደግሞ እንደ እኛ ተማሪ የነበሩትን ማ ጂያንን (1906–1978) እናስታውስ። በዩናን ተወልደው በ1931 ከቻይና ወደ አል-አዝሀር ከሄዱት የመጀመሪያ ተማሪዎች ጋር ካይሮ ገቡ። እዚያ ሳሉ የኮንፊውሽየስን ንግግሮች ወደ ዐረብኛ ተረጎሙ። ወደ አገራቸው ሲመለሱ በፔኪንግ ዩኒቨርሲቲ ዐረብኛ አስተማሩ፤ የቁርኣንን ትርጉም በቻይንኛ አዘጋጁ። ሙሉው ትርጉም የታተመው ከሞቱ በኋላ በ1981 ሲሆን እስከ ዛሬ በቻይናውያን ዘንድ በስፋት ይነበባል። አንድ ተማሪ ሕዝቡን ለዐረቦች፣ ዲኑን ለሕዝቡ አስተዋወቀ።

5. የዛሬው ፈተና

ታሪኩ ሁሉ ሰላም ነበር ማለት አይደለም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዩናን (1856–1873) እና በሰሜን ምዕራብ (1862–1877) በተነሡ ጦርነቶች እጅግ ብዙ ሕዝብ አልቋል። ከሞት የተረፉ ሁዪዎች ወደ ዛሬዎቹ ኪርጊዝስታንና ካዛክስታን ተሰደዱ፤ ልጆቻቸው ዛሬም ዱንጋን ተብለው እዚያ ይኖራሉ። ከ1966 እስከ 1976 በነበረው የባህል አብዮት መስጂዶች፣ አብያተ ክርስቲያናትና የቡድሃ ገዳማት ያለ ልዩነት ተዘግተዋል ወይም ፈርሰዋል።

ባለፉት ዓመታት ደግሞ መንግሥት ሃይማኖቶችን «ቻይናዊ ማድረግ» የሚል ፖሊሲ ይከተላል። በዚህም ምክንያት በብዙ ሥፍራ የመስጂድ ጉልላትና ሚናራ እንዲነሣ ተደርጓል። በሺንጂያንግ የሆነው ከዚህ የከፋ ነው። በ2017 የወጣ የግዛቱ ደንብ «ያልተለመደ» የሚለውን ጺምና ፊት መሸፈኛን ከለከለ። ከዚያው ጊዜ ጀምሮ እጅግ ብዙ ኡይጉሮችና ሌሎች ሙስሊሞች ያለ ፍርድ በማቆያ ሥፍራዎች ተይዘዋል። የቻይና መንግሥት ሥፍራዎቹን አክራሪነትን ለመዋጋት የተከፈቱ የሙያ ማሠልጠኛዎች ይላቸዋል፤ ክሱንም አይቀበልም። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ቢሮ ግን ነሐሴ 2022 ማብቂያ ላይ ባወጣው ሪፖርት ከባድ የመብት ጥሰት መፈጸሙን ገልጾ ድርጊቱ በሰብዓዊነት ላይ የተፈጸመ ወንጀል ሊሆን እንደሚችል አስታውቋል። በዚያው ዓመት ጥቅምት ውስጥ ጉዳዩ በሰብዓዊ መብት ምክር ቤቱ እንዲመከርበት የቀረበው ሐሳብ በ19 ተቃውሞ፣ በ17 ድጋፍና በ11 ድምጸ ተአቅቦ ወደቀ። ከተቃወሙት መካከል ኢንዶኔዥያ፣ ፓኪስታንና ቀጠር ነበሩ፤ ሶማሊያ ደግፋለች።

6. ምን እንማራለን? ምንስ እናድርግ?

አንደኛ፦ ፍትሕ። ሱረቱል ማኢዳ አንቀጽ 8 ለሕዝብ ያለን ጥላቻ ከፍትሕ እንዳያወጣን ያስተምረናል። በመንግሥት ፖሊሲ የተነሣ በመንገድ ላይ የምናገኘውን ቻይናዊ ሠራተኛ መስደብ ኡይጉሮችን አይጠቅምም፤ በደልም ነው። ምናልባትም የሰደብነው ሰው ራሱ «ማ» የሚባል የሐጂ ልጅ ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል የንግድ ጥቅምን ወይም ወዳጅነትን ሰበብ አድርጎ የተበደሉትን መርሳትም ፍትሕ አይደለም። ቢያንስ ዱዓችን ሊደርስላቸው፣ ወሬያቸውንም ሳናጋንንና ሳናሳንስ አጣርተን ልናወራ ይገባል።

ሁለተኛ፦ አቀራረብ። ከቻይናዊ ጋር ስለ እምነት ስትወያዩ «ሃይማኖትህ ምንድን ነው?» ከማለት «ቤተሰቦችህ በዓልን እንዴት ያከብራሉ? ለሞቱ ወላጆች ምን ያደርጋሉ?» ብላችሁ ጀምሩ። የበለጠ ትሰማላችሁ። ወደ ቻይና የምትሄዱ ተማሪዎች «ቺንግዠን» የሚለውን ቃል ያዙ። ትርጉሙ «ንጹሕና እውነተኛ» ሲሆን ሐላል ምግብ ቤትንም መስጂድንም ያመለክታል፤ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በዚህ ስም የሚጠራ የተለየ ካፌ አለ። የውጭ ዜጋ በቻይና ሃይማኖት መስበክ በሕግ የተከለከለ መሆኑንም እወቁ። መልካም ሥነ ምግባር፣ ታማኝነትና የሰላት ሰዓትን ማክበር ግን ቃል ሳይወጣ ይናገራሉ።

ሦስተኛ፦ ማስተማር። ይህ ለእኛ ከሁሉ የቀረበ ነው። የካይፈንግ አይሁዶች ልጆች የተበተኑት በችግር ሳይሆን በስኬት ነበር፤ ተምረው፣ ተሹመው፣ ርቀው ሄደው። እኛም ተምረን ሥራ ይዘን እንበተናለን። ጥያቄው በምንሄድበት ከተማ ልጆቻችን ቁርኣንን ከማን ይማራሉ የሚለው ነው። ሁ ደንግዡ የጀመሩት በጥቂት ተማሪዎች ነው። እናንተም በዚህ ሴሚስተር ፋቲሓን በትክክል መቅራት ለሚቸገር አንድ ወንድም ወይም አንዲት እህት ጊዜ ስጡ። የተማራችሁትንም ለቤተሰባችሁ በሚገባው ቋንቋ፣ በአማርኛም ይሁን በኦሮምኛ ወይም በሌላ፣ ማብራራትን ተለማመዱ።

ለሐልቃ ውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. የካይፈንግ አይሁዶች መጽሐፋቸው እያለ እምነታቸውን ያጡት ለምንድን ነው? ከሁዪዎች የሚለያቸው ምን ነበር?

2. ዋንግ ዳይዩና ሊዩ ዢ በአገራቸው ቋንቋ ሲጽፉ ምን ወሰዱ? ምንስ አልወሰዱም? በእኛ ቋንቋ ዲንን ስናስተምር የሚገጥመን ተመሳሳይ ችግር ምንድን ነው?

3. የሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስን የቻይና ትረካ የመሰሉ፣ ደስ ስላሉን ብቻ የምንቀባበላቸው ወሬዎች የትኞቹ ናቸው? እንዴትስ እናጣራለን?

4. ከምረቃ በኋላ ሙስሊም በማይበዛበት ቦታ ብትመደቡ በመጀመሪያው ዓመት ምን ትጀምራላችሁ?

አላህ (ሱ.ወ.) ጠቃሚ እውቀትን ይጨምርልን። በቻይናም ሆነ በሌላው ዓለም የተበደሉ ወንድሞችና እህቶቻችንን ይርዳቸው፤ ጽናቱንም ይስጣቸው። ለልጆቻችን መጽሐፉንም አንባቢውንም አያሳጣን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።